የእትዬ የወገብ ኦፕራሲዮን

ሱዳን፣ ጀብራ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሁለት የወሎ ሴቶች ነበርን። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ሁለታችንም ሰው ቤት እንሠራለን። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ቤት ርጥብ ምንጣፍ ላንሣ ስትል ወገቧ ቀጭ አለ። ኪኒን ዋጠች፣ መርፌ ተወጋች፣ ወጌሻ አሻት። ሕመሙ ግን ወደ ግራ እግሯ ወረደ። ኋላማ ጫማዋ ሳይታወቃት ይወልቅ ጀመር።

ኦምዱርማን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። አረብኛ እምብዛም ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ የኔም ቢሆን የማድቤት አረብኛ ነው። ሐኪሙ ይህን ዐይቶ ቀስ እያለ በጣቶቹ አስረዳን። በአከርካሪዋ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ፣ እነሱ ጉድሩፍ የሚሉት፣ ሾልኮ ነርቧን ተጭኖታል። አንዱ መንገድ ትንሽ ቀድዶ የሾለከውን ብቻ ማውጣት ነው፤ ሌላው አጥንቶቹን በብሎን ማያያዝ። ለእሷ የመጀመሪያው ይበቃል፤ እግሯ እየደከመ ስለሆነ ግን መዘግየት የለባትም።

«ብሎኑስ ይቅርብኝ፤ በር ነኝ እንዴ?» አለች። ስተረጉምለት ሐኪሙ ሳቀ።

«እንደ ድሮዬ እሆናለሁ ወይ በይልኝ።»

«የእግሯ ሕመም ይሻላታል ኢንሻአላህ» አለኝ። «ድንዛዜው ግን ጨርሶ ላይለቃት ይችላል። ከባድ ነገርም አታንሣ።»

ሳልደብቅ ነገርኳት። «ያላ፣ ይሁን» አለች።

ከኦፕራሲዮኑ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እግሬ አለ?» ብላ ነው። አውራ ጣቷን ቆነጠጥኩት። «ውይ!» ስትል ሁለታችንም አለቀስን።

«አብሽሪ፣ እትዬ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ናቸው ዛሬም የሚናፍቁኝ። መቀመጥ ስለማይመቻት ቆማ ነበር የምትበላው፤ ብቻዋን እንዳትሆን እኔም ቆሜ እበላ ነበር። አመሻሽ ላይ ክንዴን ይዛ በሰፈሩ ስትራመድ ጎረቤቶቻችን የሱዳን ሴቶች ከየደጃቸው «ከፋራ፣ ከፋራ» እያሉ ምሕረት ይለምኑላታል። አንዷማ ሾርባ ይዛ እየመጣች እስክትጨርስ ድረስ አትሄድም ነበር። ወጪ ወራጁ ሁሉ «ወገቧ እንዴት ነው?» ይለኛል። እንደዚያ ያለ ሰፈር ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

እትዬ ዳነች። ትንሿ ጣቷ ደንዝዛ ቀረች እንጂ ሕመሙ ለቀቃት። እጥበቱን ትታ ወጥ ቤት ገባች። የሱዳን ጦርነት ሲመጣ ግን ተለያየን፤ እኔ እዚያው ሱዳን ወደ ከሰላ፣ እሷ ወደ አገሯ ደሴ።

ባለፈው ስደውልላት ዳገት እየወጣች ነበር፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ቤት ስደርስ እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋችው።