የሰናይት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ተመለሰ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሬን የምከፍተው እየፈራሁ ነው። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ፒያሳ፣ ዙሪያው ፈርሶ እሱ በቀረ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ትንሽ ክፍል አለችኝ። ድሮ ታይፕ መቺ ነበርኩ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ እያበላሸሁ እየጠገንኩ ነው የለመድኩት። አሁን የፎቃችንን ቢሮዎች የኢሜል ሰርቨር የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ደብዳቤያቸው በእኔ ይወጣል፣ በእኔ ይገባል። ሰርቨር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጦ እግሬን የሚያሞቅልኝ አንድ ኮምፒውተር ነው።

ከደንበኞቼ አንዷ ሲስተር አልማዝ ናቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የልብ ሕሙማንን የሚረዳ ትንሽ ማኅበር ይመራሉ። ከሚረዷቸው አንዷ ሰናይት ትባላለች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፣ ቤቷ አፍንጮ በር ነው። የእንጨቱን ደረጃ ስትወጣ አራት አምስት እርከን ትረግጥና ትቆማለች። ጫማዋ ኳ ኳ ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ሳላያት በጸጥታው አውቃት ነበር። ወንበር አወጣላታለሁ። አንድ ቀን፣ «እትዬ ብርቄ፣ ይሄን ደረጃ የሠራው ሰውዬ የታመመ ዘመድ አልነበረውም?» አለችኝና ስቃ ሳትጨርስ ትንፋሿ አለቀ።

በሕማማት ሰሞን አንድ የውጭ አገር ሆስፒታል ለሰናይት የቀዶ ሕክምና ቦታ መያዙን ጻፈ። ማኅበሩ የምርመራ ወረቀቷን አያይዞ ከፋሲካ በኋላ እስካለው አርብ፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማረጋገጫ ካልላከ ቦታው ለሌላ ተራ ጠባቂ ያልፋል። ማረጋገጫውን የሚቀበሉትም ከተመዘገበው የማኅበሩ የኢሜል አድራሻ ብቻ ነው። ሲስተር ከበዓሉ በኋላ ማክሰኞ ላኩ፤ መልስ የለም። ረቡዕ ደግመው ላኩ። መጥተው ሲጠይቁኝ፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፣ አይጨነቁ አልኳቸው። ምንም ሳላይ ነው ያልኩት።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ደብዳቤ ሳይደርስ ሲቀር ሰርቨሩ ለላኪው በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ይመልስለታል። ደንበኞቼ ያንን ባዩ ቁጥር ቫይረስ ገባብን እያሉ እየተሯሯጡ ይመጡብኝ ነበር። እንዳይደነግጡ ብዬ ተመላሹ ሁሉ ወደ እኔ ሳጥን ብቻ እንዲገባ አደረግሁ። ያን ሳጥን ደግሞ ከበዓሉ ወዲህ አልከፈትኩትም።

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር በሬ ላይ ቆመው ሳለ ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች ተመላሽ ብቻ ነው። የሁሉም ምክንያት አንድ ነበር፤ የላኪው የኢንተርኔት መስመር በአይፈለጌ መልእክት ላኪዎች መዝገብ ላይ ስላለ አልተቀበልንም ይላል። ቆሻሻ ማስታወቂያ የሚረጩ ማሽኖች የሚመዘገቡበት ዝርዝር አለ። እዚያ ከገባችሁ የውጭው ሰርቨር ሁሉ በሩን ይዘጋባችኋል። እኔ በሕይወቴ አንዲት እንኳ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ልኬ አላውቅም።

«ሲስተር፣ አልደረሰም» አልኳቸው።

አልተቆጡኝም። ሰናይት የምታርፍበት ወንበር ላይ ቁጭ አሉና፣ «ለእናቷ ደረሰ ብያታለሁ እኮ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ጋ ደወሉ። ስልክ ያነሳችው ሴት በቃል አንቀበልም፣ በአድራሻችሁ ላኩ አለች። ከራሳቸው ስልክ በግል አድራሻቸው ላኩ፤ መልስ የለም። እኔ ደግሞ መዝገቡን ለሚይዙት በስህተት ነው የያዛችሁን ብዬ አመለከትኩ። ከሰዓት በኋላ ስማችን ተፋቀ። ሲስተር ለሦስተኛ ጊዜ ላኩ። እፎይ ብዬ ውኃ ልጠጣ ብርጭቆ እንዳነሳሁ ተመለሰ። ቆሻሻው አሁንም ከእናንተ እየወጣ ስለሆነ እንደገና ተመዝግባችኋል፣ ከሦስት ቀን በፊት ማመልከት አይቻልም ይላል። ሦስት ቀን፣ ነገ አርብ ሆኖ!

አመሻሽ ላይ የሙያው ሰዎች በምንወያይበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ጭንቀቴን ጻፍኩ። ሰለሞን የሚባል፣ አይቼው የማላውቅ ሰው መለሰልኝ። ቢሮው ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ነው። ነገ ጠዋት ነይ፣ ሰውን በዓይኔ ሳላይ ዋስ አልሆንም አለኝ።

አርብ በሦስት ሰዓት ደረስኩ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። የለመንኩት ማሽኔ ደብዳቤውን ለእሱ ማሽን እንዲያስረክብ፣ የእሱም በራሱ ስም እንዲያደርስልን ነው። ከደብዳቤው ጋር ቆሻሻ ካለፈ ግን የእሱም ስም ይመዘገባል፤ ስንት መሥሪያ ቤት ያገለግላል መሰላችሁ።

«ቆሻሻውን የሚልከው የትኛው ማሽን ነው?» አለኝ።

«አላወቅኩትም።»

«እሱን አግኚና ተመለሺ። ለደብዳቤው ዋስ እሆናለሁ። ለማታውቂው ማሽን ግን እንዴት ልሁን?»

የቸርችልን ዳገት እያሰብኩ ወጣሁ። የእኔው ሰርቨር ተጠልፎ ቢሆንስ? ለሰናይት እናት ምን እላለሁ?

ቢሮዬ ገብቼ ኬብሎቹን ሳይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ኢንተርኔቴን ለፎቁ ሁሉ ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት እሳት ሲጭር እንደማይከለከል ሁሉ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ በኮሪደሩ ኬብል ዘርግቼ ሰጠሁ። መስመሩ አንድ ስለሆነ ከውጭ ለሚያየን ሁላችንም አንድ ስም ነን።

የኢንተርኔቱ ሳጥን መብራት እንደ እብድ ይብለጨለጫል። ኬብሎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የጠበቃውን ነቀልኩ፣ መብራቱ ያው ነው። የጥርስ ሐኪሟን ነቀልኩ፣ ያው። ምድር ቤት ያለውን የፎቶ ኮፒ ቤት ኬብል ስነቅል መብራቱ ረጋ አለ።

የፎቶ ኮፒው ባለቤት ጋሽ ሽመልስ ወዲያው ከታች ጮኹ፤ ሰው ተሰልፎብኝ ምን ቆረጥሽብኝ እያሉ። ወርጄ አስረዳኋቸው። የፒያሳ ሰው ፍላሽ ሁሉ የሚሰካው እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ አንዱ ይዞት በመጣው ቫይረስ ተይዞ፣ እሳቸው ሳያውቁ ቀኑን ሙሉ ቆሻሻ ሲረጭ ከርሟል።

«ታዲያ ፍላሽ ሲያመጡልኝ ደሙን ልመርምር?» አሉኝ። ሰልፈኛው ሳቀ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ የሰናይት ደብዳቤ ነው በዚህ ሳይደርስ የቀረው» አልኳቸው።

እሷ ለእሳቸውም የደረጃዋ ልጅ ናት። ፊታቸው ተለወጠ። ማሽኑን ከግድግዳው ነቅለው፣ ራሳቸው ተሸክመው ወጡና ክፍሌ ወለል ላይ አስቀመጡት። «በይ አንቺው ጋ ይታሰር» ብለው ወረዱ።

የረጋውን መብራትና የታሰረውን ማሽን በስልኬ ቀርጬ ለሰለሞን ላክሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል መስመሬን ሲከታተል ቆየ፤ ከዚያ የማሽኑን በር ከፈተልኝ። የእሱን ማሽን የማኅበሩን ደብዳቤ የሚያደርስ ወኪል አድርጌ አስመዘገብኩት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሲስተር ለአራተኛ ጊዜ ላኩ። አልተመለሰም። ግን ማሽን ተቀበለ ማለት ሰው አነበበ ማለት አይደለም። ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰዓት ስናይ ቆየን። ያቺ አንድ ሰዓት ልክ አልነበራትም።

ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ሲል መጣ። ማረጋገጫችሁ ደርሶናል፣ ቦታዋ ተጠብቋል ይላል። ሲስተር ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

ሰለሞንን በስልክ ሳመሰግነው፣ ሦስቱን ቀን በእኔ ላኪ፣ ስሜን ግን እንደሰጠሁሽ ንጹሕ አድርገሽ መልሺልኝ አለኝ። መለስኩለት።

አሁን የፎቶ ኮፒ ቤቱ የራሱ መስመር አለው። የተመላሹን ሳጥን ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር በየጠዋቱ እከፍታለሁ። መዝገቡ ብዙም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ያ ሳላይ የተናገርኩት «አይጨነቁ» ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ለማንም ብዬ አላውቅም።

ሰናይት ከታከመች በኋላ ደረጃውን አንዴም ሳትቆም ትወጣዋለች። ጸጥታዋን ስለለመድኩ ኮቴዋን ከሌላው ሰው መለየት አልቻልኩም። ሳላስበው በሩን ከፍታ፣ «እትዬ ብርቄ!» ስትለኝ በድንጋጤ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ይሄኛው ድንጋጤ ግን በየቀኑ ቢመጣብኝ አልጠላም።