ለነብሮ የመጣው ባለ ጥርስ ማሰሪያ

ይህ የሆነው ልጄ ጻቫ ገብታ ወታደር በነበረችበት ጊዜ፣ እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዛይን የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ዓመታት አለፉት፤ እኔን ግን ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ደሜን ያፈላዋል።

ልጄ ወደ ጦር ሰፈሯ ስትሄድ ነብሮ የሚባል ውሻዋን ለእኔ ትታ ሄደች። እኛ ጎንደር ውሻ ደጅ ይጠብቃል እንጂ በገመድ ታስሮ ሽርሽር አይወጣም። "በስተርጅና የውሻ ጠባቂ ልሁን?" ብዬ አጉረመረምኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ሳምንት ሳይሞላ ወደድኩት። ባሌ ከሞተ ወዲህ በር ስከፍት ዘሎ የሚቀበለኝ እሱ ብቻ ነበር።

ጥፋቱ አንድ ነው፤ ይጎትታል። ድመት ካየማ አለቀ!

አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ አባ ተገኘን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የአባቴ እኩያ ናቸው፤ ታላቅ ሰው ደግሞ በአንድ እጅ ሰላም አይባልም። ስለዚህ ገመዱን ወገቤ ላይ ቋጠርኩና፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። በዚያችው ቅጽበት ድመት አለፈች። ነብሮ ተፈተለከ፤ እኔም ተከተልኩት፣ በሆዴ! አባ ተገኘ "ኧረ በሕግ አምላክ! ኧረ ያዙት!" እያሉ ይጮሃሉ።

ጉልበቴ ተላጠ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ልጄ ጋ ደረሰ።

"ኢማ፣ ብትሰበሪስ? ወይ መጎተቱን ይተዋል፣ ወይ ለሻባት ዕረፍት ስመጣ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" አለችኝ በስልክ። እያለቀሰች ነበር። ከዚያ አንድ የውሻ አሰልጣኝ ላከችልኝ።

ሰውየው ከሕንፃችን ሥር ያለው መናፈሻ ድረስ መጣ። ከቦርሳው ያወጣው በውስጥ በኩል የብረት ጥርስ የተደረደረበት የአንገት ማሰሪያ ነው። "ሲጎትት ይወጋዋል፤ ከዚያ ይተዋል" አለኝ በዕብራይስጥ።

"አያመውም?"

"ምንም አይሰማውም፣ ጌቬሬት" አለኝ፤ እመቤቴ ማለቱ ነው።

"ካልተሰማው ታዲያ ለምን ይተዋል?"

ሳቀብኝ። "እናንተ እኮ ውሻ ማሳደግ አልለመዳችሁም" አለ።

ይቺ "እናንተ" የምትባል ነገር! ነደደኝ። ማሰሪያውን ከእጁ መንጭቄ የራሴ አንገት ላይ ቆለፍኩትና ገመዱን ዘረጋሁለት።

"በል ጎትት!"

"አብደሻል እንዴ?"

"ምንም አይሰማም አላልክም? ይኸው አንገቴ፣ ጎትት!"

ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩን። የሰውየው ፊት ቲማቲም መሰለ፤ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እምቢ ሲለኝ ገመዱን ራሴ ሳብኩት። ወይኔ! ዓይኔ እንባ አቀረረ። ግን አልጮህኩለትም።

"ደግመሽ ብትወድቂ እንዳትጠሪኝ" ብሎ ማሰሪያውን ጥሎልኝ ሄደ።

ዓርብ ልጄ መጣች። ጠመንጃዋን ሳታወርድ ልትስመኝ ቀረበችና ቀጥ ብላ ቆመች።

"ኢማ፣ አንገትሽ ምን ሆነ?"

ማሰሪያውን ከጠረጴዛው አንስቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። "ለነብሮ የመጣለት ነው፤ እኔ ለካሁለት" አልኳት።

ጥርሶቹን በጣቷ ነካካቻቸው። ቀጥሎ አንገቴን ዳሰሰችው። ከዚያ ደረጃውን ወርዳ ማሰሪያውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወረወረችው። ነብሮን ለሌላ ሰው የመስጠት ነገር ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ አልተነሳም።

አሁን መጎተቱን ተወው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልተወውም፣ ይጎትተኛል! ይጎትተኝ! ታላቅ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ እሱን የመብራት ምሰሶ ላይ አስረዋለሁ፤ ከዚያ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጤናቸውንም ልጆቻቸውንም ጠይቄ ነው የማልፈው። ለውሻ ብዬ ሰላምታዬን አላሳጥርም፤ ለእግሬ ብዬም አንገቱን በብረት አላስወጋም። በዚያ ቀን ባደረግኩት ቅንጣት ታህል አልጸጸትም።

እስከ ዛሬ "ለምን ባለ ጥርሱን አትገዢለትም?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። "አንተ መጀመሪያ አንገትህ ላይ አድርገው" እለዋለሁ። አንድም ያደረገ የለም።