ኻሚስ፣ የፀሐዩ ወፍጮና የለቅሶ ቤት እህል

አሶሳ አካባቢ፣ ከመንጌ ከተማ ወጣ ብላ ባለች የበርታ ብሔረሰብ መንደር ኻሚስ የሚባል ባለ ወፍጮ አለ። የአብዮቱ ዘመን በራሪ ወረቀቶች እንደሚያስተምሩት ከሆነ «የምርት መሣሪያ ባለቤት» ነውና ከንዑስ ከበርቴው ጎራ ይመደባል። የምርት መሣሪያው የሚያስነጥስ የናፍታ ሞተር፣ አንድ ጥንድ ድንጋይና ክረምት ክረምት የሚያፈስ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከበርቴው ወደ ቤቱ የሚገባው ከቅንድቡ ላይ የማሽላ ዱቄት እያራገፈ ነው።

መንደርተኛው ኻሚስን የሚያከብረው በንብረቱ አይደለም። ሰው የሞተ እንደሆነ ከመቃብር ቆፋሪዎች ቀጥሎ የሚጠራው እሱ ነው። የለቅሶ ቤት እህል ወረፋ አይጠብቅም፣ ዋጋም አይጠየቅበትም፤ ቀባሪው ሳይመለስ ዱቄቱ ሟች ቤት ይደርሳል። ይህን ያስለመደው ሞተሩን የገዛው አባቱ ነው። ሞተሩ ያለ ሰዓቱ ሲያጓራ ወንዝ ውስጥ ወርቅ የሚያጥበው ሁሉ ቀና ይልና «ማን ይሆን?» ይል ነበር።

ከዚያ ናፍታ ተወደደ። የነዳጅ ድጎማው ተነሳ፤ በሬዲዮ ስለ አረንጓዴ ኢኮኖሚ የሚያስረዳው ሰው ድምፁ መልካም ነበር። ናፍታው ከማደያ ወጥቶ፣ ከጀሪካን ጀሪካን ሲገለበጥ ከርሞ መንደሩ ሲደርስ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ነው፤ የመጣውንም ወርቅ ቆፋሪዎቹ ለፓምፓቸው ይሻሙበታል። መብራት እንዳትሉ፤ ግድቡ ክልሉ ውስጥ ነው፣ መብራቱ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ኻሚስ አንዳንድ ቀን እየፈጨ አንዳንድ ቀን እየዘጋ ከረመ።

በዚህ መሀል ታምሩ ደረሰ። ከአዲስ አበባ የመጣ የፕሮጀክት ሰው፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያ የለበሰ ጨዋ ልጅ። የፀሐይ ወፍጮ በነፃ ይተከላል አለ። ነፃ የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው፦ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ፋብሪካ ማጨሱን እንዳያቆም ኻሚስ ማጨሱን ያቆማል፤ ኻሚስ ያላጨሰው ጭስ ተሰፍሮ ለፋብሪካው ይሸጣል። ድሮ ከዚህ አገር የሚጫነው ወርቅ ነበር፤ ዘንድሮ ያልወጣ ጭስም ገዢ አገኘ። ታዲያ አንድ ግዴታ አለው፤ አሮጌው ሞተር ተቆራርጦ ቁርጥራጩ ፎቶ መነሳት አለበት። አለዚያ ኻሚስ ተደብቆ ያጨሳል ብሎ ፋብሪካው ይሰጋል።

«ሞተር ለሞት ብቻ ይቀመጥ» አለ ኻሚስ፤ አማርኛው ከበርታው ጋር እየተጋፋ። «ሌላ ቀን አልነካም።»

«ለምኑ ብቻ አሉኝ፣ ጋሽ ኻሚስ?»

«ሰው ሲሞት። ዝናብ ቀን ይሞታል፣ ደመና ቀን ይሞታል። ፀሐይ ጠብቆ የሚሞት ሰው እኛ ጋ የለም።»

ታምሩ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ባትሪ ቢኖረው ጥሩ ነበር፣ በጀቱ አልቻለም። ሞተሩ ከተቀመጠ ደግሞ ጭሱ አልቀረም ይባላል። ደንቡ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ለመሆኑ በዓመት ስንት ሰው ይሞታል?»

«እሱን አላህ ያውቃል።»

«ይኸውልዎ። የማይታወቅ ነገር ደግሞ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።»

የኻሚስ ሚስት ነዕማ በበርታ ቋንቋ ነገሩን አሳጠረችው። «ናፍታ የሌለው ሞተር ለሞት ይሆናል? ሆዱ ባዶ ሆኖ ተጎልቷል። ስጣቸውና እንረፍ።»

ኻሚስ ፈረመ። የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ጥላ አይወዱም ተባለና ደጃፉ ላይ የነበረው ማንጎ ቀድሞ ተቆረጠ፤ ለአየር ንብረት ትግሉ የመጀመሪያው ሰማዕት ዛፍ ሆነ። ቀጥሎ ሞተሩ ተቆራረጠ። ኻሚስን ከቁርጥራጩ አጠገብ አቁመው ፈገግ በል አሉት። ፈገግ አለ።

እውነቱን ለመናገር በጋው ያማረ ነበር። ድንጋዩ ያለ ናፍታ፣ ያለ ጭስ፣ ያለ ልመና ዞረ። ኻሚስ ጀሪካን ፍለጋ መንከራተቱ ቀረለት፤ ጉልበቱም ጥቂት ዳነ። በጋ የሞቱትም አላስቸገሩም፤ እህላቸው በጠራራ ፀሐይ ተፈጨ።

ክረምቱ ገባ። በዚህ አገር ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ባለቤት ነው፤ ከመጣ ወራት ይቀመጣል። ሰሌዳው ላይ ደመና ሲተኛ ወፍጮው አቃስቶ ይተኛል። ኻሚስም ወደ ሰማይ እያየ በሩ ላይ ይቀመጣል።

በእንዲህ ያለው አንድ ጠዋት ሰዕዲያ ሞተች። የመንደሩ አዋላጅ ነበረች፤ የኻሚስን ልጆች በሙሉ የተቀበለቻቸው እሷ ናት። ልጇ ዋሊድ ጆንያ ተሸክሞ፣ ውሃ እያንጠባጠበ መጣ።

«ዓሚ» አለው፤ የመንደሩ ወጣት ሁሉ ኻሚስን አጎቴ ለማለት እንዲህ ነው የሚጠራው። «እናቴ አረፈች።»

ኻሚስ ማብሪያውን ጫነ። ድንጋዩ ግማሽ ዙር ዞረና ቆመ። ወጣና በራስ ጥምጥሙ ጫፍ ሰሌዳውን ጠረገ፤ ዝናቡ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ያረጥበዋል። ዋሊድ መጀመሪያ ሰማዩን፣ ከዚያ ኻሚስን አየ።

«እንጠብቀው ይሆን?»

«ማንን? ደመናውን?» አለ ኻሚስ። «ሂድ፣ እናትህን ቅበር። ጆንያውን ለኔ ተወው።»

ባጃጅ ለምኖ በአሶሳ መንገድ ገቢሳ ዘንድ ወረደ። ገቢሳ የናፍታ ወፍጮ ያለው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«ባለ ፀሐዩ ጌታ ጭስ ናፈቀው?» አለ ገና ከሩቅ።

«ሰዕዲያ ሞተች።»

ገቢሳ ሳቁን ዋጠ። ጆንያውን ከሰልፉ አስቀድሞ ጀሪካኑን አዘነበለ። እየተፈጨ ሳለ ጠጋ አለ። «እኔ ጋም ሊመጡ ነው። ናፍታው ገደለኝ። ልፈርም?»

«በበጋ እንደሱ ያለ የለም፣ ወላሂ።»

«ክረምትስ?»

«እኔ ክረምት አንተ ዘንድ መጣሁ» አለ ኻሚስ። «አንተ የት ትሄዳለህ?»

ገቢሳ የድንጋዩን ብሎን ያጠብቅ ጀመር።

ሲመለሱ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ኻሚስ ዱቄቱን ተሸክሞ ሲደርስ ቀባሪው ከተመለሰ ቆይቷል። ሴቶቹ የእጅ ወፍጮ ከየቤቱ አሰባስበው፣ ክንዳቸው እስኪዝል ፈጭተው፣ ገንፎውን አቅርበው ነበር። አንዷ አሁንም መዳፏን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

«ማሌሽ ዓሚ» አለ ዋሊድ፣ ግድ የለም ለማለት፤ ጆንያውን ከትከሻው እያወረደለት። «ለነገው ይሆናል።»

የተቆጣው ሰው የለም። ኻሚስ ቢቆጡት ይመርጥ ነበር።

ዝናቡ ሳያባራ ደግሞ ከላይኛው ሰፈር ለቅሶ ተሰማ። ኻሚስ ወፍጮ ቤቱን ከፍቶ፣ ጆንያው ሲመጣ ይዞ ሊሄድ ተዘጋጅቶ፣ በሩ ላይ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ባጃጅ መጣ፤ ጆንያው ከኋላ ተጭኗል። ሾፌሩ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠውና ወደ ገቢሳ መንገድ አለፈ።

ኻሚስ በሩን ዘጋ። እጁን ታጠበና ባዶ እጁን ወደ ለቅሶው ወጣ። ወንዶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ዱቄቱ ከአሶሳ መንገድ መጥቶ ገንፎው ሲቀርብ፣ ከሌላው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ቀመሰ።