ድንጋዩ ላይ የተሳለው ዴልታ

ትናንት የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ቀይ ቀለም ሲቀባ ሽታው ወደ ልጅነቴ ሱሉልታ ወሰደኝ። ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ አባቴ ጭሰኛ ነበር። አንድ ቀን ቀያሾች መጡና ከገብሳችን ዳር ባለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ሳሉ። በጣቴ ልነካው ስል ወጣቱ ቀያሽ «አትንኪው፣ አልደረቀም» አለኝ።

አባቴ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ከሰጣቸው በኋላ ስለ ምልክቱ ጠየቀ።

«ዴልታ ይባላል፣ ኦቦ። የግሪኮች ፊደል ነው፣ እንደ እኛ ደ። በኬሚስትሪ ሙቀት ነው፤ በሒሳብ ደግሞ ለውጥ። እኛ መሬት ስንለካ መነሻ እናደርገዋለን።»

«ለእኛስ ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

ቀያሹ ብሩሹን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «ገብሱ መቼ ይደርሳል?»

«ወር ይቀረዋል።»

«ባይጠብቁት ይሻላል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እነሱ እንደሄዱ አባቴ ማጭዱን አንስቶ አረንጓዴውን ገብስ ማጨድ ጀመረ። እናቴ ሮጣ መጣች። «ምን ነካህ? ገና እኮ እሸት ነው።»

«ለከብቶቹ ይሆናል» አለ ቀና ሳይል።

እኔ ሙቀት ነው የተባለውን ለማየት መዳፌን ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር።

ወሩ ሳያልቅ ባለመሬቱ እርሻውን ለሌላ ሰው ሸጦ ልቀቁ ተባልን። ጫንጮ፣ አጎቴ ዘንድ ተጠጋን። በዚያ ዓመት ላሞቻችንን ያተረፈልን ያለጊዜው የታጨደው ገብስ ነው። አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ የሰው ከብት ጠባቂ ሆኖ ሞተ።

ዛሬም ለተማሪዎቼ ዴልታን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጄ ትንሽ ይዘገያል። ለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም።