የልጄ እጅና የእኔ ይቅርታ

ልጄ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ወደ ሐይቅ ሄደች። የሞተር ጀልባ ከነነጂው ተከራይተው ከዳር ራቅ አሉና ወርደው ዋኙ። እሷ ወደ ጀልባው ልትመለስ ስትጠጋ ነጂው ኋላውን ሳያይ ሞተሩን አስነሣ። ከሥር የሚሽከረከረው ብረት ቀኝ እጇን ያዘው። ሐኪሞቹ ከክርኗ በታች ቆረጡት። ነፍሷ ግን ተረፈች፤ ተመስገን።

የጀልባው ባለቤት የሰፈራችን ሰው ነው። የምንሳለመውም አንድ ደብር ነው። ልጄ ከማደንዘዣው ገና ሳትነቃ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቴን ይዞ ሆስፒታል መጣ። ኮሪደሩ ላይ እግሬ ሥር ወደቀ።

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

«ተነሣ እንጂ፤ ሰው ያያል።»

«ካላሉኝ አልነሣም።»

የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ» አሉኝ። መስቀል ፊት ምን ይባላል? «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ተነሥቶ ጉልበቴን ስሞ ሄደ። ልጄን ግን አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቃት አልተመለሰም።

ስትድን ከሰሰችው። ጠበቃው መጀመሪያ «ውሃ የገባችው በራሷ ፈቃድ ነው» አለ። አላዋጣ ሲለው «ነገሩ በሽምግልና አልቋል፤ እናትየዋ ይቅር ብለዋል» ብሎ ሽማግሌዎቹን ምስክር አድርጎ አቆማቸው። የንስሐ አባቴ አልመጡም። ያኔ ገባኝ። ሰውዬው እግሬ ሥር የወደቀው ምስክር ይዞ ነው።

«ብለዋል?» አሉኝ ዳኛው።

ምዬ ነው የቆምኩት። «ብያለሁ።»

«ልጅዎ ሰምታለች?»

«ተኝታ ነበር።»

ልጄ ተነሣች። «የተቆረጠው የእኔ እጅ ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም» አለች። ይህን ስትል የምታየው ሰውዬውን ሳይሆን እኔን ነበር።

ዳኛው ለእሷ ፈረዱ። የተጎዳችው እሷ ናት፤ መብቱም የእሷ ነው፤ እናት በልጇ ፈንታ ልትተወው አትችልም አሉ።

ከችሎት ወጥተን በመስቀል አደባባይ በኩል በእግራችን ተመለስን። ካዛንቺስ ስንደርስ ቆም አልኩ።

«ልጄ፣ ተቀየምሽኝ?» አልኳት።

«ሽማግሌ ላኪብኛ!» አለች። አልሳቀችም።

ሰውዬው ዛሬም ከቅዳሴ በኋላ ይመጣና ትከሻዬን ይስማል። «እርስዎ እኮ ይቅር ብለውኛል» ይላል፣ ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቃሌን አላጥፍም፤ ሰላምታውን እመልሳለሁ። አፌን ግን ይመረኛል። ይህንንም ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ።

ልጄ አሁን ስልክ የምትቀበልበት ሥራ አግኝታለች። ጠዋት ስትወጣ የሹራቧን ቁልፎች የምቆልፍላት እኔ ነኝ። በግራ እጇ ትችለዋለች፤ አይቻታለሁ። ቢሆንም አገጯን ቀና አድርጋ በሩ ጋ ቆማ ትጠብቀኛለች። ስለምትጠብቀኝ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።