ባቡሩ የለም ያልኩ ዕለት

ጀርመን አገር፣ ሀምቡርግ የቆየሁት ሦስት ሳምንት ነው። ከሦስቱ ሳምንት ደህና አድርጌ የማስታውሰው ግን አንድ ዓርብ ብቻ ነው፤ በሰው ቤት መስኮት ትይዩ በሚሄድ ባቡር ላይ የዋልኩበት ዓርብ። የተማርኩትን የቡና ቅምሻ፣ የሰጡኝን የምስክር ወረቀት፣ ያስተማሩኝን ሰዎች መልክ ሳይቀር ረስቻለሁ። ያን ዓርብ ግን እንኳን ልረሳው፣ ዛሬም ሳነሣው ፊቴን ያልበኛል።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው፤ መጨረሻው መሆኑን ግን ማናችንም አላወቅንም። እኔ ዲላ ውስጥ በአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን ናሙና ያዥ ነበርኩ። ከየአቅጣጫው ከሚገባው ቡና እፍኝ እፍኝ እየዘገንኩ፣ ጥሬውን አገላብጬ፣ ቆልቼና አሽትቼ፣ "ይኼ ከአሪቻ ነው፤ ይኼ ከወናጎ ነው" ማለት ሥራዬ ነው። ብዙም ስለማልሳሳት ትንሽ እኮራ ነበር። ቡናችንን የሚገዙት ጀርመኖች "አንድ ሰው ላኩና እናሠልጥንላችሁ" ብለው ሲጽፉ መሄድ የሚገባቸው አለቃዬ ራሳቸው ነበሩ። እሳቸው ግን ከብርድ ጋር ጠበኞች ናቸው፤ ለሥራ ደጋው ቡሌ ሲወጡ እንኳ ሁለት ካፖርት ይደርባሉ። "አንተ ወጣት ነህ፤ ሂድና ተንቀጥቀጥ" ብለው እኔን ላኩኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ "ዛሬ ትምህርት የለም፤ ከተማውን ጎብኝ" ተባልኩ። አንድ የቢሮው ሠራተኛ ጣቢያ ድረስ ወሰደኝ፤ ትኬት ቆርጦ አስጨበጠኝና ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ አሳይቶኝ ሄደ። ወደ ላይ! እኔ ባቡር አየሁ ከተባለ ያየሁት አዲስ አበባ ለገሀር፣ መሬት ላይ ቆሞ ነው። እዚህ ግን ደረጃ ወጣሁ፣ ሌላ ደረጃ ወጣሁ፣ ከቤቶቹ ጣሪያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የብረት ድልድይ ላይ ደረስኩ። ድልድዩ በወፋፍራም የብረት እግሮች ቆሞ መንገዱን መሐል ለመሐል ይዞት ይሄዳል። ከሥሩ ገበያ ነው። ድንች፣ ጎመን፣ ዓሣ፣ አበባ፣ ቅርጫት ያንጠለጠሉ ሴቶች፤ የደራ ገበያ። ባቡሩ አናታቸው ላይ እየተንጓጓ ሲያልፍ አንድ እንኳ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እንዲህ ያለ ነገር በዲላ ገበያ ላይ ቢያልፍ ሻጩም ገዢውም ዕቃውን ጥሎ ቡና ማሳ ውስጥ ነበር የሚገባው። ብቻዬን ሳቅሁ።

በሩ ተከፍቶ ገባሁና ኮፍያዬን አንሥቼ "ጤና ይስጥልኝ" አልኩ፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ እንደማደርገው። ማንም አልመለሰልኝም። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገች። አፈርኩና መስኮት አጠገብ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ባቡሩ ሲነሣ ነው ጉድ የፈላው። ሰው ቤት ገባሁ። ከመግባት ሌላ ስም የለውም፤ ግራና ቀኙ ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ቤት ነው፣ መስኮቶቹ ከእኔ መስኮት እኩል ናቸው። አንዷ ሸሚዝ ትተኩሳለች። አንዱ በካናቴራ ቆሞ ጺሙን ይላጫል። አንድ ልጅ አንገቱን በጨርቅ ተጠምጥሞ አልጋ ላይ ተኝቷል። በእኛ አገር ሰው ቤት የሚሄድ ሰው እንሰቱ ጥግ ቆሞ ድምፁን ያሰማል፤ "ግባ" ሳይባል ንቅንቅ አይልም። እኔ ግን ሳልጠራ የሃያ ሰው ጓዳ አየሁ። ዓይኔን ጉልበቴ ላይ ተከልኩ። መልሼ አነሣሁት፤ ምን ላድርግ፣ ልጎበኝ አይደል የመጣሁት!

ከዚያ ባቡሩ ምን እንደገጠመው እንጃ፣ ጣቢያ ሳይደርስ ቆመ። የቆመው ደግሞ ሾርባ ከሚበላ ሽማግሌ ፊት ለፊት ነው። ጠረጴዛው መስኮቱን ተጠግቶ ብቻውን ተቀምጧል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ገጠምን። እንግዲህ ገበታ ላይ ያለ ሰው ፊት ቆሞ ዝም ማለት እናቴ ያላሳደገችኝ ነገር ነው። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩለት። ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሽማግሌው ትንሽ አየኝና ማንኪያውን ከፍ አደረገልኝ። እንዲህ አድርጎ ከሳህኑ በላይ ያዘው፣ ባቡሩ እስኪነሣ ድረስ አላወረደውም። በዚያ አገር እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ መውረድ ተውኩ። ባቡሩ አንዴ መሬት ውስጥ ይገባል፣ አንዴ ወደቡ ላይ ይወጣና መርከቦቹን ከነጭነታቸው ቁልቁል ያሳየኛል። የመጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ውረድ ይሉኛል ብዬ እጠብቃለሁ። የመጨረሻ የሚባል ግን የለውም። ያው ገበያ መጣ። ያው ወደብ መጣ። ሦስተኛው ዙር ላይ የትኬት ተቆጣጣሪው ትኬቴን አየና ብዙ ተናገረ፣ ከዚያ ሳቀ፣ በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠራልኝ። መስመሩ ቀለበት ነው ማለቱ ነበር። ከተሳፈርኩበት ጣቢያ ወረድኩ። ለማስታወሻ ፖስት ካርድ ስፈልግ ባቡሩ ያለበት አጣሁ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መርከብና ዝሆን ያለበት ገዛሁ። ለእነሱ ባቡሩ የሚሳፈሩበት እንጂ የሚያዩት ነገር አይደለም።

ዲላ ስመለስ ሰዉ ሁሉ ምን በላህ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ የለበስከው ካፖርት የእነሱ ነው ወይ አለኝ። ስለ ባቡሩ አጥብቃ የጠየቀችኝ አንዲት ልጅ ናት። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ስለሆነ በዓይን እንተዋወቅ ነበር። እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ ደጁ ላይ ቆማ ሁሉንም አስወራችኝ። ከሥሩ ያለው ገበያ አቧራ አይወርድበትም? ሰዎቹ ለምን መጋረጃ አይዘጉም? ሽማግሌውስ ምን አለ?

"ማንኪያውን አነሣልኝ" አልኳት።

"እሱም ሰላም የሚለው ሰው አጥቶ ነበር ማለት ነው" አለች።

ያኔ ወደድኳት። ሌላ ምክንያት ፈልጉ ብባል የለኝም። በሁለት ወሩ ሽማግሌ ላክሁ፤ የሽማግሌዎቹ መሪ አለቃዬ ነበሩ።

ግን ወሬው ቀድሞኛል። ልጅቷ ባቡሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥላ ለተማሪዎቿ አስተምራለች። ተማሪዎቿ ለየቤታቸው አወሩ። ከዲላ ወደ ቡሌ በሚወስደው መንገድ፣ አባቷ ቤት ሲደርስ ባቡሩ ክንፍ አውጥቶ ሰው ከአልጋው ላይ እያነሣ የሚሄድ ሆኗል። አባቷ ቡናና እንሰት ያላቸው፣ በሶንጎ ሸንጎም በቤተ ክርስቲያንም ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው። ከኃጢአት ሁሉ ውሸትን ይጠላሉ። እኔን በወሬ መኮነን ስላልፈለጉ የሚያውቅ ሰው ሊጠይቁ ክሊኒክ ወረዱ፤ እዚያ አንዲት ፈረንጅ ነርስ አለች።

"ሲስተር፣ በእናንተ አገር ከሰው ቤት ጣሪያ እኩል የሚሄድ ባቡር አለ?"

ነርሷ የጀርመን ሰው አይደለችም፤ ከሌላ አገር፣ ያውም ከባሕር ዳርቻ የዓሣ አጥማጆች መንደር የመጣች ናት። "እኔ አላየሁም" አለቻቸው። "እኛ የምንሄደው በጀልባ ነው።" እውነቷን ነው። በሳምንቱ ለዓመት ዕረፍት ወደ አገሯ ሄደች፤ ሄጄ ልለምናት እንኳ አልደረስኩባትም።

ሽማግሌዎቼ ከአባቷ ዘንድ መልእክት ይዘው መጡ። "ልጁን አልጠላሁትም፤ ሥራ ያውቃል፣ አይጠጣም። ውሸታም ግን ልጄን አልሰጥም። ይምጣና ስለ ባቡሩ ዋሸሁ ይበል፤ ከዚያ ይውሰዳት።"

ሙሽራ ለሽምግልና ራሱ አይቀርብም። እኔ ግን ተጠራሁና በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ጋር ወጣሁ። አባቷ በአክብሮት ተቀበሉን፣ አስቀመጡን። የምንነጋገረው በጌዴኦኛ ነው፤ አለቃዬም ዕድሜያቸውን እዚያ ስለነገዱ ይሰሙታል። የነርሷ አገርና ጀርመን የተለያዩ መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዳሁ።

"ፈረንጅ ፈረንጅ ነው" አሉ አባቷ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። "እሷ እዚያ ተወልዳ አድጋ ያላየችውን፣ አንተ በሦስት ሳምንት ከየት አየኸው?"

ኮፍያዬን ጉልበቴ ላይ አዟዟርኩ።

"እሺ፤ ተሳፈርህ እንበል። የት አደረሰህ?"

"ከተነሣሁበት።"

አለቃዬ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት ጊዜ ዞርኩ።"

"ሦስት ጊዜ ዞረህ፣ ከተነሣህበት ወረድህ። ታዲያ ለምን ተሳፈርህ?"

"ለማየት ነው፣ አባቴ።"

"ምን ለማየት?"

አፌ ቀደመኝ። "የሰው ቤት" አልኩ።

"በመስኮት?"

"በመስኮት።"

ከዚህ በላይ ራሴን ማዋረድ የምችል አይመስለኝም። አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በአማርኛ "አንተ ሰው፣ የምታገባው ባቡሩን ነው ልጅቷን? ዋሸሁ በልና እንውጣ" አሉኝ።

ጓዳውን የሚለየው መጋረጃ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከሥሩ እግሯ ይታየኝ ነበር። እዚያው ቆማ ትሰማለች፤ አንዱ እግር በሌላው ላይ ተደርቧል። ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ነገሩ ትንሽ መሰለኝ። ሀምቡርግ ሩቅ ነው፤ ባቡሩ አለ ብልም የለም ብልም መሄዱን አይተውም።

"ዋሽቻለሁ" አልኩ። "ባቡር የለም። ይቅር ይበሉኝ።"

አባቷ ተነሥተው አቀፉኝ። እንባቸው አንገቴን ነካኝ። "አሁን ልጄ ሆንህ" አሉ። በትከሻቸው በኩል ወደ መጋረጃው አየሁ፤ እግሮቹ የሉም። ምግብ ልታቀርብ የሄደች መሰለኝ። ቆጮውን ይዘው የገቡት ግን እናቷ ናቸው።

በማግስቱ እሑድ አባቷ በጉባኤው ፊት ቆመው መሰከሩ። ዋሽቶ የነበረ ወጣት በሽማግሌ ፊት እውነቱን እንደተናገረ፣ ልባቸው እንደተነካ፣ ልጃቸውን ለዚህ ሰው ሲሰጡ እንደሚደሰቱ ተናገሩ። ሰዉ "አሜን" አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፣ ሰዉ ደግሞ ትሕትና መሰለው። ከዚያ በኋላ ሰው ሲመክሩ እኔን ምሳሌ ማድረግ ወደዱ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ እስኪሞቱ ድረስ እንደ ልጃቸው ወደዱኝ።

ተጋባን። ዲላ ቤት ተከራየን። ጠብ የለንም፤ ሳቂታ ናት፣ እኔም ከሥራ ወደ ቤቴ ስሄድ እቸኩላለሁ። ብቻ ስለዚያ ጉዞ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። ያ ሁሉ ጥያቄ የነበራት ልጅ! በመጀመሪያ አልታወቀኝም። ሲታወቀኝ ዓመት አልፎን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እንደ እሾኽ ይወጋኝ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ልብስ ታጥባለች። አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ድንገት፣ "ባቡሩ እኮ እውነት ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። እጇን ከውኃው አላወጣችም።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንተስ? አባቴ በመሰከሩ ማግስት፣ ሰኞ፣ ክፍል ስገባ ምን እንደገጠመኝ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

አልጠየቅኋትም። ያ ሰኞ መኖሩም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እሷ ግን ነገረችኝ፤ ቁጣ የለባትም፣ እንደ ማንኛውም ወሬ ነው የነገረችኝ። ተማሪዎቿ ጉባኤውን ሰምተዋል። ስትገባ ሁሉም ዝም ብለው ጠበቋት። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ "እትዬ፣ ያ ባቡር ውሸት ነው ተባለ። ያየው ሰውዬ ራሱ የለም አለ" አለቻት።

"ምን አልሻቸው?" አልኩ።

"አለ አልኳቸው።" ሸሚዜን ከውኃው አወጣችና ጨመቀችው። "እኔ ሳላየው፣ አለ አልኳቸው።"

ሸሚዙን አራግፋ ገመዱ ላይ ሰቀለችው።