ጉርሻ በውክልና

የቀበሌ ሊቀመንበሩ ጓድ ገብረጻድቅ ግማሽ አካላቸው የከዳቸው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው፤ ስብሰባ ስለነበረም ቶሎ ያወቀላቸው ሰው አልነበረም። አጀንዳውን አንብበው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እንደ ልማዳቸው «ተቃውሞ ያለው?» አሉና ዝም አሉ። ሕዝቡም ዝም አለ፤ በዚያ አዳራሽ ለዚያ ጥያቄ ከዝምታ ሌላ መልስ ተሰጥቶ አያውቅም። የሊቀመንበሩ አፍ ወደ ግራ ሲጣመም፣ ከፊት የተቀመጡት የተቆጡ መስሏቸው አጨበጨቡ። ወደ ቀኝ ዘመም ሲሉ ከኋላ ያሉትም ጭብጨባውን አደመቁት። ከወንበራቸው ሲወድቁ ነው አንዲት የሴቶች ማኅበር አባል «ኧረ ሰውዬው!» ያለችው፤ እሷም ያለ ፈቃድ መናገሯ ትዝ ሲላት ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ኅብረት ሱቁ በር ላይ ስኳር ሲያራግፍ የተገኘ የፈረስ ጋሪ ወደ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። የተቀበለቻቸው ሲስተር ታቢታ ናት።

ታቢታ ከዚህች የሐይቅ ዳር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ልጅ ናት። አባቷ እንሰትና ቡና የሚተክሉ ገበሬ ነበሩ። ፊደል የቆጠረችው በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ነርስነትም የተማረችው መጽሐፍ ቅዱስና ቴርሞሜትር በአንድ ኪስ ከሚይዙ ሴቶች ነው። በኋላ ሚሲዮኖቹ ሄዱ፣ የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ታሸገ፤ ቴርሞሜትሩ ቀረ። አጭርና ፈጣን ናት፤ ከእሷ በፊት የጫማዋ ድምፅ ይደርሳል። ራሱን የሳተ፣ የሚጥል በሽታ የጣለው፣ ከዋንዛ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱ የተመታ ሁሉ የሚተኛው እሷ ክፍል ነው። የሚንቀጠቀጠውን በሽተኛ ክብሪት ጭረው ሊያሸትቱት የሚመጡ ዘመዶች ክብሪታቸውን ተነጥቀው ይመለሳሉ፤ በዚህ የተነሳ ጤና ጣቢያው ለስቶቭ የሚሆን ክብሪት ገዝቶ አያውቅም ይባላል። መዋጥ በማይችል ሰው ራስጌ ደግሞ በካርቶን ላይ «በአፍ ምንም አይሰጥም» ብላ ጽፋ ትሰቅላለች። ለዚህም ከተማው «ሲስተር አይቀመስም» የሚል ስም አውጥቶላታል። ሰምታዋለች። ከዚህ የባሰ ስም ያላቸው ሰዎች ስለምታውቅ ቅር አላላትም።

ዶክተሩ ጓድ ገብረጻድቅን መርምረው፣ ደም ብዛት አንጎላቸውን እንደመታው ተናግረው፣ በአፍንጫ የምግብ ቱቦ አስገቡላቸው። «ጉሮሯቸው እስኪመለስ ጠብታ ውኃ እንዳትገባ» አሉና ለሴሚናር ወደ አዲስ አበባ ተጠሩ። የቀረው ሥራ የታቢታ ሆነ፦ እንዳይቆስሉ ማገላበጥ፣ ተረከዛቸው ሥር ትራስ ማድረግ፣ አፋቸውን በጨርቅ ማጽዳት፣ ወተት በቱቦው ማንቆርቆር።

በማግሥቱ ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ሲገልጡ ታቢታ ጎንበስ ብላ፣ «ጓድ፣ ያምዎታል?» አለቻቸው።

«ተቃውሞ ያለው?» አሉ።

«በርዶዎታል?»

«ተቃውሞ ያለው?»

ታቢታን አልገረማትም። እንዲህ ያለ በሽታ የሰውን ቃል ሁሉ ጠራርጎ ይወስድና ሲደጋገም የኖረውን አንዱን ይተውለታል። አንድ ቄስ «እግዚኦ» ብቻ ቀርታላቸው አይታለች፤ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ የቀረችለት የእናት ስድብ ነበረች፣ በእሷው ውኃ ይጠይቅ፣ በእሷው ያመሰግን ነበር። የገብረጻድቅ ከሹፌሩ ይሻላል፤ ችግሩ በጎን የተኙት በሽተኞች ቃሉን በሰሙ ቁጥር ማቃሰታቸውን ማቆማቸው ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ በፔርሙዝ አጥሚት ይዘው የመጡት በዚያው ቀን ነው። ታቢታ ሌላ አልጋ ላይ ቁስል እያጠበች ሳለ ሳል ሰማች፤ ከሳሉ በኋላ ደግሞ ምንም አልሰማችም፤ ያሮጣት ይኸኛው ነው። የሰውዬው ከንፈር ጠቁሯል። በጎናቸው ገለበጠቻቸው፣ በእግር የሚረገጠውን መምጠጫ ስባ ቱቦውን ጉሮሯቸው ውስጥ ከተተች፣ ረገጠች። አጥሚቱ እየተንደቀደቀ ወጣ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ታቢታ ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«እትዬ ሙሉጌጥ፣ ምን ሰጧቸው?»

«ምን እሰጣለሁ ልጄ፣ አጥሚት ነው እንጂ። ውኃ በይው። ውኃ ሰው ይገድላል?»

«ሐይቁን ይጠይቁት» አለች ታቢታ። «ይስሙኝ፤ ጉሮሮ ላይ ሁለት በር አለ። አንዱ ወደ ሆድ፣ አንዱ ወደ ሳንባ። የእሳቸው በረኛ ታሟል። አሁን ያጎረሱት ሁሉ ሳንባ ይገባል።»

«ታዲያ ይራብ? ዕድሜ ልኬን ያበላሁት ሰውዬ?»

«ይበላሉ እንጂ። በቱቦው።»

«በአፍንጫው!» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ደረታቸውን እየመቱ። «በአፍንጫው የሚበላ ዝሆን ነው!»

ዝሆንም ቢሆን በአፍንጫው ይዞ በአፉ እንደሚበላ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም፤ ትኩሳቱ ጀምሯል። ታቢታ ደረታቸውን ስትሰማ በቀኝ በኩል እንደ ትምባሆ ማጨሻ የውኃ ጋያ ይንቆረቆራል። አንድ ተጨማሪ ጉርሻ ሰውዬውን ይገድላል። እሷንም አብሮ ይቀብራል፤ ቤተ ክርስቲያኗ የታሸገባት ነርስ እያለች ሊቀመንበር ገደለ ተብሎ ጉሮሮ አይገመገምም።

ወይዘሮ ሙሉጌጥን ማስተማር ይቻላል፤ ሚስት ናቸው፣ ባላቸው እንዲኖር ይፈልጋሉ። የከፋው ሌላው ሕዝብ ነው። ምክትል ሊቀመንበሩ ጓድ ባህሩ በስብሰባ ላይ፣ «ጓዳችንን የጠየቀና ያልጠየቀ ይታወቃል» ብሎ ነበር። በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ያመጡትን ማስቀመጥ ደግሞ የሚታይ ነገር አይደለም፣ የሚታየው ማጉረስ ነው። ስለዚህ ቀበሌው ሊያጎርስ ተሰለፈ። ሱቁ የታሸገበት ነጋዴ የበግ ጥብስ ይዞ መጣ። ቤቱን የተቀማ ጡረተኛ ዱለት ይዞ መጣ። ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመለባት ገበያነሽ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል የተጠበሰ ዓሣ ይዛ መጣች፣ ከነእሾሁ። ታቢታ በር ላይ ቆማ የየሰዉን ሰሃን ስታይ፣ ፍቅርና ቂም ሲጠቀለሉ አንድ መልክ እንዳላቸው ታዘበች። ሁሉንም መለሰች።

«ሲስተር፣ አንዴ ብቻ፤ ማጉረሴን ሰው ይይልኝ» አላት ነጋዴው በሹክሹክታ።

«አየሁልዎት።»

«አንቺማ ምን ሥልጣን አለሽ?»

የተመለሰው ሁሉ ሄዶ ለባህሩ ተናገረ። ባህሩ ልዑካን አስከትሎ መጣ። ከኋላው ሁለት የሴቶች ማኅበር ተወካዮች፣ አንድ የወጣቶች፣ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ያነገተ፤ በመካከል በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ክትፎ። በር ላይ የቆመችውን ታቢታን በትከሻው ገፍቶ አለፈና እጁን ሳይታጠብ ቅጠሉን ገለጠ።

«ጓድ ታቢታ፣ ሊቀመንበራችን በረሃብ እየተቀጡ ነው የሚል ቅሬታ ደርሶናል» አለ።

«ዶክተሩ ናቸው ያዘዙት። ምግብ ሳንባቸው ከገባ ይሞታሉ።»

«ዶክተሩ የሉም። ሕዝቡ ግን አለ።» ብርቱካን የሚያክል ጉርሻ ጠቀለለ። ቅቤው በእጅጌው ወረደ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ የቀበሌው ሕዝብ ጉርሻ ነው!»

ገብረጻድቅ ጉርሻውን አዩት። ጤነኛው ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ቀኝ እጃቸው አይነሳ፣ ግራ እጃቸው ላይ የወጣቶቹ ተወካይ ተቀምጦበታል። የቀረቻቸውን ቃል ተናገሩ፦

«ተቃውሞ ያለው?»

ልዑካኑ መሬት መሬት አዩ። ያ ጥያቄ የትም ይጠየቅ የት፣ ዓይን የሚሄደው ወደዚያ ነው። ጉርሻው ወደ አፋቸው ተጠጋ።

ታቢታ እጇን አወጣች። የጎማ ጓንት አድርጋበት ነበር።

«እኔ አለኝ።»

አብዮት ጥበቃው ወደ በሩ አየ፤ ማምለጫ ይሁን ማሰሪያ የሚፈልገው አልታወቀም። እጅ ሲወጣ ያየ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ባህሩ ጉርሻውን አየር ላይ እንደያዘ ዞረ።

«ምን አልሽ?»

«ሊቀመንበሩ ጠየቁ፤ መለስኩ። ተቃውሞ አለኝ።»

«ጉርሻውን ነው ሕዝቡን የምትቃወሚው?»

ታቢታ ስለ ሁለቱ በሮች ብትነግረው እንደማይገባው ገብቷታል። ሥራዋ ደግሞ አስተምሯታል፦ በሽተኛ በሞተው ጎኑ ተስቦ አይነሳም፤ በሚሠራለት በኩል ነው የሚያዘው። የባህሩ የትኛው ጎን እንደሚሠራ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

«ጉርሻውንማ ማን ይቃወማል» አለች። «የምቃወመው አቀባበሉን ነው። ሊቀመንበር በሕመም ሥራቸውን መሥራት ሲያቅታቸው የሚተካቸው ማን ነው?»

«ምክትሉ» አለ ባህሩ፣ ደረቱ ሳያስበው ቀና ብሎ።

«ማኅተሙ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ።»

«ስብሰባውን የሚመራው?»

«እኔ ነኛ!»

«ታዲያ ሁሉን ለእርስዎ አስረክበው የሕዝቡን ጉርሻ ብቻ ለብቻቸው ይያዙ? ይህ ከየት የመጣ አሠራር ነው? ሕዝቡ ቢያጎርስ በደንቡ ነው ማጉረስ ያለበት።»

 ባህሩ ጉርሻውን አየ፤ ሊቀመንበሩን አየ፤ ጉርሻውን እንደገና አየ። ከሴቶች ማኅበር አንዷ፣ ሳቋን ይሁን ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ፣ «እንዲያውም ተገቢ ነው» አለች።

«በመርህ ደረጃ ተቀባይነት አለው» አለ ባህሩ፤ ጉርሻውንም ዋጠው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ወንበር ይወጣለታል። ጠያቂው ይሰለፋል፣ ባህሩን ያጎርሳል፣ ማጉረሱ ይታይለታል፣ ይሄዳል። ነጋዴው በጉን፣ ጡረተኛው ዱለቱን አደረሱ። ገበያነሽም ዓሣዋን ይዛ ተመለሰች፤ እሾሁን አለመልቀሟን ታቢታ ያወቀችው ባህሩ ዓይኑ እንባ አቅርሮ መሳል ሲጀምር ነው። ሮጣ ሄዳ ጀርባውን በመዳፏ መታች፤ እሾሁ ወጣ።

«የእርስዎ በረኛ ጎበዝ ነው» አለችው።

ገበያነሽ ባዶ ሰሃኗን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ደግ ነገር ነው ጓድ፣ ለልጄም እንዲህ ያለ በረኛ ይስጠው» ብላ ወደ ገበያዋ ሄደች።

ወር ሳይሞላ የባህሩ ኮት አልዘጋ አለ። ደረጃ ሲወጣ ሲያለከልክ የሰማችው ታቢታ አስቀምጣ የደም ግፊቱን ለካችለትና ፊቷን ቋጠረች።

«ጨውና ቅቤ ያቁሙ። ደም ብዛት ይዞዎታል።»

«ሕዝቡ ቅር ይለዋል።»

«እሳቸውም ሕዝቡ ቅር እንዳይለው ሲበሉ ኖረው ነው እዚህ የተኙት።»

ባህሩ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ግን መምከር እንጂ ካርቶን መስቀል አልቻለችም፤ የእሱ ራስጌ በረንዳ ላይ ነው።

በረንዳው እንዲህ ሲደምቅ ክፍሉ ሰው አልነበረበትም፤ ታቢታ የፈለገችውም ይህን ነው። ወይዘሮ ሙሉጌጥን ባላቸውን በአንሶላ ማገላበጥ አስተማረቻቸው። የሞተውን እጅ ጣት በጣት ማፍታታት፣ ወተት ከመስጠት በፊት ራስጌውን ከፍ ማድረግ፣ ቱቦው ቦታው መሆኑን ማየት። መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ ወተቱን ባንቆረቆሩ ቁጥር ያማትቡ ነበር፤ ኋላ ኋላ «ዝሆኔ፣ ቁርስ ደርሷል» ማለት ጀመሩ፤ የሰውዬውም ግራ ጉንጭ ፈገግታ የመሰለ ነገር ያሳያል። ትኩሳቱ ወረደ። የደረታቸው ጋያ ዝም አለ።

ዶክተሩ ከሴሚናሩ ሲመለሱ ደረታቸውን አዳምጠው፣ ምራቅ ሲውጡ አይተው፣ «እንሞክር» አሉ፤ ማንኪያውንም ለታቢታ ሰጡ። እሷ ደግሞ ለሚስትየው አሳለፈችው።

«እኔ? በኋላ እኔ ገደልኩት እንድባል?»

«የእርስዎን እጅ ያምናሉ። እኔ ጉሮሯቸውን ልያዝ።»

ገብረጻድቅን ቀጥ አድርገው አስቀመጧቸው። አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰበችላቸው። ከገንፎ ቀጠን፣ ከአጥሚት ወፈር ያለ፤ የማንኪያው ጫፍ ብቻ፤ በጤነኛው በግራ ጉንጭ በኩል። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቀስ አድርገው አስገቡ። ሰውዬው አፋቸውን ገጠሙ። ምንም የለም። ታቢታ ሁለት ጣቷን ማንቁርታቸው ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ሳል ከመጣ መምጠጫው እግሯ ሥር ነው።

ማንቁርቱ ከጣቷ ሥር ሸርተት ብሎ ወጣ፤ ወረደ። ሳል የለም።

«አፍ ይክፈቱ» አለች። ከፈቱ። ባዶ ነው።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ማንኪያውን እንደያዙ አፋቸውን ለእልልታ ሲያሾሉ ታቢታ መዳፏን ዘርግታ ከለከለቻቸው። «እንዳይሉ! ይደነግጡና ትን ይላቸዋል።»

በዚህ መሐል ባህሩ ከንፈሩን በመሐረብ እየጠረገ አንገቱን በበሩ አስገባ። ማንኪያውን አየ፣ ባዶውን አፍ አየ።

«ሲስተር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይህ ነገር ውክልናውን ይነካዋል?»

«ይነካዋል። በሩን ይዝጉልን።»

ዘጋው። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሁለተኛውን ማንኪያ ከሰሃኑ አነሱና፣ በዝቶ እንደሆነ ታቢታን ቀና ብለው አዩዋት። ታቢታ በጣቷ ጫፍ ቀነሰችላቸው።

«እልልታዋስ?» አሉ።

«ምሳቸውን ይጨርሱ።»